የወይራ ዘይት የጠጣው ቼሎ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አላለፈም። በማን እንደተናደድኩ እስክደርስበት ታገሡኝ፤ እኔም ራሴ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በፈረንጆቹ 2006 ዴንቨር ውስጥ ቫዮሊንና፣ ተቀምጠው በጉልበት መሐል ይዘው የሚጫወቱት ትልቁ ዘመዱ ቼሎ በሚጠገንበት ትንሽ ወርክሾፕ እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበርኩ፤ ወንበር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን የመሳሰለውን። አሜሪካ እንደመጣሁ ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ቤት ተከራይቼ ሆቴል ውስጥ ምንጣፍ እጠርግ ነበር። አንድ ቀን የሆቴሉን የተሰበረ ወንበር ስጠግን ዋልተር የሚባል ሽማግሌ አየኝና፣ "እጅህ ጥሩ ነው፤ ሰኞ ና" አለኝ። ሄድኩ፤ እዚያው ቀረሁ።

ዋልተር ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እሱ ከፊት ለፊት ደንበኛ ይቀበላል፣ እኔ ከጓዳ እሠራለሁ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ስለ ሙጫ ነው። በእኛ አገር ጥሩ ሙጫ ማለት ለዘላለም የማይለቅ ነው። በዚያ ቤት ግን ሙጫው ከከብት ቆዳ የሚሠራ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ድስት የሚሞቅ፣ ባስፈለገ ጊዜ ደግሞ በስስ ቢላዋ የሚላቀቅ ነው። ችግሩ ከድስቱ በወጣ በደቂቃ ውስጥ መርጋት መጀመሩ ነው። በዚያች ደቂቃ ሁለቱን እንጨት ገጥማችሁ በሞርሳ ካልያዛችሁ አለቀ፤ ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው።

እኔ ደግሞ ስፈጠር ክብሪት ነኝ። እናቴ "የኤፍሬም ቁጣ ከኤፍሬም ቀድሞ በር ይገባል" ትለኝ ነበር።

የቤቱ ስልክ የተሰቀለው ከእኔ መሥሪያ ጠረጴዛ ጀርባ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን አበሻ አለ የሚለው ወሬ በቤተ ክርስቲያኑም በታክሲ ተራውም ከተዳረሰ በኋላ መከራዬን አየሁ። አንዱ ስለ መዘምራኑ ጊታር፣ ሌላው ስለ ልጁ ቫዮሊን ይደውላል። ፈረንጅ ሲደውል ጉዳዩን ይናገራል፤ የእኛ ሰው ግን "እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ሥራ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል?" እያለ ሙጫው ብሩሼ ላይ ይረጋል። የእኛ ሰው የሚደውለው በነጻ ሊያሠራ ነው ብዬም ደምድሜ ነበር፤ ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን አንድ ነገር ጣል አድርጌ እዘጋለሁ። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አላስብም።

አንድ የብርድ ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ዋልተር ከፊት ለፊት ሆኖ "ኤፍ፣ የአገርህ ሰዎች ናቸው መሰለኝ" ብሎ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ወደ ጓዳ ሰደደልኝ። ሽማግሌው ትልቅ ጥቁር የቼሎ ሣጥን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

"ተስፋይ እባላለሁ" አሉ። "ከሌክውድ ነው የመጣነው። ይህች ልጄ ልዋም ናት።"

አነጋገራቸው ኤርትራዊ መሆናቸውን ይናገራል፤ አማርኛውን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ከእኔ የጠራ አማርኛ ነው። ታክሲ ነጂ ናቸው። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች።

"ቅዳሜ ኢለቨን ኤ ኤም ላይ ኦዲሽን አለኝ" አለች፣ ጣቷን እያፍተለተለች። "ፎር ኮሌጅ።"

"የመግቢያ ፈተና ነው፤ ከተቀበሏት የትምህርቷን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይችሉላታል" አሉ አባትየው። "ካልተቀበሏት ዘንድሮ ኮሌጅ የሚባል ነገር የለም። እኔ አቅም የለኝም።"

ሣጥኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የወይራ ዘይት። ቼሎው ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃል። ጣቴን ባሳርፍበት አንሸራተተኝ። ከቀኙ የድምፅ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ታች አንድ ስንዝር የሚሆን ስንጥቅ ወርዷል። ስንጥቅ በራሱ ምንም አይደለም። የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፤ እንጨት ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ቀጭን ስንጥቅ ሙጫ አስገብቶ በሞርሳ መያዝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዚህኛው ከንፈር ግን በዘይት ጠቁሯል። ዘይት የጠጣ እንጨት ደግሞ ሙጫ አይቀበልም።

ደሜ ፈላ።

"ይህን ማነው ያደረገው?"

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ተስፋይ።

"ቼሎ ላይ ዘይት ያፈሳሉ? ሰላጣ መሰለዎት?"

"አላፈሰስኩም። በጨርቅ ነው የቀባሁት። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ፣ ለዐሥር ቀን ያህል።"

"ዐሥር ቀን!" ጮኽኩ። "እንጨቱን ገደሉት እኮ! አንድ ቀን ቢሆን እንኳ ይጠረግ ነበር። ይህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ልጅዎ ቅዳሜ ምን ይዛ ትግባ? የማታውቀውን ለምን ትነካለህ? ታክሲህን አትነዳም?"

በመሐል "አንተ" ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ያችን አላለፈቻትም። አቶ ተስፋይ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አኖሩት።

"ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው እስክትጨርስ እኔ ልንገርህ፣ ወደይ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ እዚህ ደውዬ ነበር። ልጄ ስትጫወት ቼሎው እዝዝ ይላል፣ ምን ይሆን ብዬ። አንድ ሰው በአማርኛ አነሣው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ 'ደርቆ ነው፣ የዴንቨር አየር ነው፣ እንደ ራስዎ ቆዳ ቅባት ይቀቡት' አለኝና ዘጋው። ቫዝሊን ልቀባው ነበር። ለሷ ቼሎ ቫዝሊን አይመጥንም አልኩና ጥሩውን የወይራ ዘይት ገዛሁ።"

በዚያ ቤት በአማርኛ ስልክ የሚያነሣ ስንት ሰው አለ?

ወዲያው ትዝ አለኝ። ያን ሰኞ የአንድ ቫዮሊን አንገት እያጣበቅሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤዋለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ድምፅ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ በረዶው ይጠይቀኛል፤ ሙጫው ብሩሼ ላይ ይረጋል። ቅባት ይቀቡት ብዬ ዘጋሁ። ቀልድ ነበር ልላችሁ እችል ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ ማባረሪያ ነበር። በዚያ ቀን ይዘውት ቢመጡ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

"እኔ አልነበርኩም" አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። እያወቅሁ።

በዚህ መሐል ዋልተር ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። ቼሎውን አየ፣ አሸተተ፣ ፊቱ ጠቆረ።

"ዘይት ነው" አልኩት በእንግሊዝኛ። "አንድ ሰው ቀባው ብሎት ነው።"

"ማን?"

"እንጃ። አንድ የማያውቅ ሰው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ የዴንቨርን ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው እንግሊዝኛ እንደሚሰሙ እንኳ አላሰብኩም። ዋልተር ወደ እሳቸው ዞረ።

"ማን ነው እንዲህ ብሎ የነገረዎት?"

አቶ ተስፋይ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ "ሥራ የበዛበት ሰው ነው" አሉት። "ስሙን አልጠየቅሁትም።"

"ያ ሰው መሣሪያ አጠገብ መድረስ የለበትም" አለ ዋልተር።

"ይሆናል" አሉ አቶ ተስፋይ።

ያን ጊዜ የሚያም ንዴት ያዘኝ። ቢያጋልጡኝ መልስ ነበረኝ፤ እጮህ ነበር፣ እክድ ነበር። ሲሸፍኑኝ ግን ምን ልበል?

ዋልተር ለኦዲሽኑ የራሱን ቼሎ አውጥቶ ሰጣት። ተቀምጣ ሞከረችው። አንድ ሁለት ጊዜ ጣቷ ቦታውን ሳተ፤ ከዚያ ቀስቱን አወረደች። "ኢት ኢዝ ጉድ። ግን የኔ አይደለም" አለች፤ ዓይኗ ሞላ። ዋልተር ያንኑ እየተለማመደች እንድትቆይ ነግሯት፣ የሷን ግን ዋስትና እንደማይሰጥ ለአባቷ ነገራቸው። "ዘይት የገባበት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም" አላቸው።

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

ልጅቷ ስትወጣ አላየችኝም።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ከዚያ ቼሎ ጋር ዋልኩ። የፊቱን ሳንቃ ዙሪያውን በስስ ቢላዋ ላቅቄ አነሣሁት። ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ ጥጥ እየነከርኩ ስንጥቁን አጠብኩት። የጠመኔ ዱቄት እየጠቀጠቅሁ ዘይቱን እንዲመጥልኝ ጠበቅሁ፤ ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ እጠርገዋለሁ፣ እንደገና እጠቀጥቃለሁ። አፌ ግን አላረፈም። አቶ ተስፋይን እሰድባለሁ። እሺ፣ እኔ ተናገርኩ፤ እሳቸው ለምን ሰሙኝ? አእምሮ የላቸውም? ሌላ ሰው አይጠይቁም? ጥፋተኛ ሰው መቼም ክርክር አያጣም። አመሻሹ ላይ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሙጫ አስገባሁና በሞርሳ አሥሬው ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሞርሳውን ፈታሁ። ሳንቃውን ቀና ሳደርገው "ጢቅ" አለ። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ፤ ሙጫው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ።

ሞርሳውን ወርውሬ ግድግዳ መታሁበት። ዋልተር እየሮጠ መጣ።

"የዚያን ሰውዬ አባት..." ብዬ ስድቤን ቀጠልኩ።

"የትኛውን ሰውዬ?" አለኝ ዋልተር። "አባትየውን ነው? ወይስ ቀባው ብሎ የነገረውን?"

የምሰድበውን ሰው አጣሁት። ማለቴ፣ አገኘሁት።

"የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ዋልተር መነጽሩን አወለቀ።

"በዚህ ስልክ?"

"በዚህ ስልክ።"

"ከዚያም እኔን ዋሸኸኝ። ሰውየው ፊት።"

"አዎ።"

"እና እሱ ሸፈነህ።" ፊቱ ቲማቲም መስሏል። በሰባት ዓመት ውስጥ ዋልተር ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "መጀመሪያ ይህን ጨርስ። ስለ አንተ ሥራ ቅዳሜ እንነጋገራለን።"

ቀጥሎ ሳንቃውን ወደ መስኮቱ ወስዶ ተመለከተው። "ማጠብ አይበቃውም። ዘይቱ ከውስጥ ነው ያለው። የጠቆረውን ቆርጠህ አውጣ፣ በቦታው ንጹሕ እንጨት አስገባ።"

ይህ ሲነገር ቀላል ነው። ሳንቃው ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ምላጭ በመሰለ ቢላዋ የስንጥቁን ሁለት ከንፈር፣ ነጩ እንጨት እስኪታይ ድረስ መላጥ ነው። አንድ ጊዜ እጅህ ከሳተ ሳንቃው ለሁለት ይሄዳል፤ ቼሎም የለም፣ ኦዲሽንም የለም፣ ኮሌጅም የለም። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። እየተናደድኩ መቁረጥ እንደማልችል ያን ጊዜ አየሁ። ቢላዋው ንዴት ያውቃል። አስቀምጬው ወጥቼ ብርዱን ተነፍሼ፣ ተመልሼ ትንሽ እቆርጣለሁ። እንደገና እወጣለሁ።

ከተሰበረ አሮጌ ቼሎ ሳንቃ ላይ መስመሩ የሚመሳሰል ቁራጭ አገኘሁ። ከክብሪት እንጨት እስኪቀጥን ላግኩት። ሲገባ ጥብቅ አለ። ዋልተር መጥቶ ሞርሳውን ያዘልኝ፤ ሙጫውን ቀባሁ፤ ደቂቃዋ ሳታልፍ አሠርነው። ዓርብ ጠዋት ፈታሁት። ሳንቃውን በጥንቃቄ ወዲህ ወዲያ አጎበጥኩት፤ ድምፅ የለም። ከውስጥ በኩል ትናንሽ ደጋፊ እንጨቶች ለጠፍኩበት፣ ከሰዓት በኋላ ቼሎውን ዘጋሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ገብቼ ክሮቹን ወጠርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አባትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ቀጥታ ወደ ቼሎዋ ሄደች። ከመንካቷ በፊት ቆምኩባት።

"ልዋም፣ አባትሽን ዘይት ቀባው ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ሰደብኳቸው። ከዚያ ደግሞ ካድኩ።"

"አይ ኖው" አለችኝ።

"ነገሩሽ?"

"ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። አይ ኸርድ ዩ።" ቀስቷን አነሣች። "ጉግል እናድርግ አልኩት። 'ባለሙያ ተናግሯል' አለኝ። ኤቭሪ ናይት፣ ደክሞት ገብቶ፣ ሲቀባው አየሁ። እዚህ መጥተን አንተ ጮኽክበት። 'አንተ' አልከው። አባቴን!"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ኖ። አይም ስቲል ማድ አት ዩ።"

"ልክ ነሽ" አልኩና ከመንገዷ ዞር አልኩ።

ተቀመጠችና ቀስቱን አሳረፈች። የመጀመሪያውን ድምፅ ስታወጣ ሙጫው ይይዝ እንደሆነ ስንጥቁን ነበር የማየው። ያዘ። ወደ ወፍራሙ ክር ወረደች፤ ያ በጣም ያስፈራኝ ነበር። ያዘ። እዝዝ አይልም። ለጥቂት ደቂቃ ተጫውታ ቆመችና ለአባቷ፣ ለኔ ሳይሆን፣ "የኔ ነው" አለቻቸው።

እሷ ሣጥኑን ስትዘጋ አቶ ተስፋይን ወደ ጥግ ወሰድኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንገቴን ሰብሬ ነው የጠየቅሁት። ከዚያ ለምን እንደሸፈኑኝ ጠየቅኋቸው። ትልቅ ምክር፣ የአባት ቃል ጠብቄ ነበር።

"የአንተን ቁጣ አየሁት" አሉኝ። "አንተ ግን የኔን አላየኸውም። የኔን መኪና ውስጥ ትቼው ነው የገባሁት። ያ ሽማግሌ ቢያባርርህ ለቅዳሜ ማን ይሠራልኝ ነበር?"

"ስለዚህ ነው?"

"ታዲያ ለአንተ ብዬ መሰለህ?" ኮፍያቸውን አጠለቁ። "ፈረንጁን መጠየቅ እችል ነበር። እንግሊዝኛ አላጣሁም። የእኛ ሰው አለ ሲሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው አንተን ፈልጌ የደወልኩት።"

ይህን ብለው ወጡ። ዋልተርም እንዳለው ጠራኝ። አላባረረኝም። "ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን የምታነሣው አንተ ብቻ ነህ። ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው" አለኝ።

እንግዲህ በማን እንደተናደድኩ አሁን ታውቃላችሁ። እናንተ ግን በእኔ ብቻ ተናዳችሁ እንዳታልፉ። እናንተ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ውስጥ የምታስተረጉሙ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የምትሞሉ፤ የአገራችሁ ሰው ደስ ብሎት፣ በቋንቋው የሚያናግረው አግኝቶ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ለፈረንጁ የማትሉትን አንድ ቃል ጣል አድርጋችሁለት ታውቁ የለም ወይ? እናንተ ወዲያው ትረሱታላችሁ። እሱ ግን አይረሳውም። ቤቱ ወስዶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ፈልጎ፣ ጥሩውን ዘይት ገዝቶ፣ ማታ ማታ ይተገብረዋል። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል። ሞኝ ስለሆኑ አልሰሙኝም፤ ስላመኑኝ ነው የሰሙኝ። ቁጡ ሰው መሆኔ አልቀረም። ቁጣዬ ግን በር ከመግባቱ በፊት የማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚል ቪዮላ እያጣበቅሁ ስልኩ ጮኸ። ብሩሹ ከድስቱ ወጥቷል። በግራ እጄ አነሣሁት።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ኤፍሬም። ተስፋይ ነኝ። እንዴት ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ቤተሰብ እንዴት ነው? ሥራስ? ያ ሽማግሌ ደህና ነው? በረዶው በእናንተ በኩል በረታ አሉ..."

ሙጫው ሲወፍር አየዋለሁ። ልቤ ስለ ልጅቷ ሊጠይቅ ይዘላል። አልጠየቅሁም። ስለ በረዶው መለስኩ፣ ስለ ዋልተር መለስኩ፣ ስለ መኪናቸው ጎማ ጠየቅሁ። ሙጫው ብሩሼ ላይ እንደ ረጋ ቅቤ ቆመ።

"ደብዳቤው መጣ" አሉ በመጨረሻ። "ተቀበሏት።"

"እሷስ፣ እንዴት ናት?"

"ደስ ብሏታል። በአንተ ግን አሁንም እንደተቆጣች ናት።"

"ትቆጣ፣ ጋሼ። መብቷ ነው።"

ተሰነባብተን ስልኩን ሰቀልኩት። ብሩሹን ሙቅ ውሃው ውስጥ ነከርኩና ቆሜ ጠበቅሁ። የረጋው ሙጫ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ሟሟ። ያን ሰኞ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የዘጋሁት እነዚህን ሁለት ደቂቃዎች ለማትረፍ ነበር።